የአዴር መንጋ በመስተዋት ሣጥን

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሕፃን ሲወለድ አይቻለሁ፤ አዋላጅ በጠፋ ቀን እኔው ራሴ ተቀብያለሁ። ደጅ ቆሞ ለሚጠብቅ አባት «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ብዬ ስናገር አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። በዚህ የሚሳሳት ሰው ስለሌለ ጉራ አይባልብኝም። ታዲያ እዚያው ድሬዳዋ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከትንሽ ጣቴ ብዙም የማይረዝሙ ሁለት ዓሦች ፊቴ ተቀምጠው ወራት ሙሉ ወንዱን ከሴቷ ሳልለይ ከረምኩ። ዛሬ የዓሦቹን ነገር አውቄዋለሁ። እኔ ያኔ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩ ግን አሁንም ይምታታብኛል።

ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ሐኪሙ ሲጠፋ ደግሞ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። ከደጋ ተመድቤ ስመጣ ገና ወንደላጤ ነበርኩና መጋላ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ከነበረንዳው ተከራየሁ። ግቢዬን ከጎረቤቴ ግቢ በሚለየው የጭቃ አጥር ላይ ጎንበስ ብለው የሚያልፉባት አንዲት በር ነበረች። መወርወሪያዋ በእሱ በኩል ነው።

ጎረቤቴ የከብት ገበያ ደላላ ነበር፤ ሶማሌ፣ ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክል ሰው። በመጀመሪያው ቀን «እንደምን ዋሉ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው አየ።

«ሌላ ሰው መጣ እንዴ? እኔ አንድ ነኝ» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይዘወተርም። «አዴር በለኝ። ያባትህ ወንድም ማለት ነው፤ ይበቃኛል።»

እኔን ደግሞ፣ ድሬሰርነቴን እያወቀ፣ ሐኪም አለኝ። ይህ ስም ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር ያሳፍራል።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሲያስይዝ፣ በሯን ከፍቶ ይመጣል። እሱ ጫቱን፣ እኔ ሻሂዬን ይዘን በረንዳዬ ላይ በርጫ እንቀመጣለን። በዚያ ከተማ ከሥራ ቦታዬ ውጭ የማውቀው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ቀኑን ሙሉ የሰው ፍየልና የሰው ግመል ሲያገላብጥ ይውላል እንጂ የራሱ አንድ ጠቦት አልነበረውም። ድሮ ከጀልዴሳ ወዲያ ማዶ መንጋ ነበረው፤ ዝናብ ተከታትሎ ቀረና አለቀ። አንድ ቀን «ለምን አንዲት ፍየል ገዝተህ አትጀምርም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አቦ ሐኪም፣ የገዛኸው ዕቃ ነው» አለ። «መንጋ የሚባለው የሰጡህ ነው፤ ከሰጡህ ላይ የተወለደ ነው። ከብቱ ላለቀበት ሰው ዘመድ እንስት ይሰጠዋል። እሷ ትወልዳለች። እንደገና ሰው ትሆናለህ። የኔ ዘመዶች አብረውኝ አለቀባቸው። ማን ይስጠኝ?»

እንደገና ሰው ትሆናለህ ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ በደሞዜ ከወር ወር የምደርስ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ አዝኜለት እንጂ ገብቶኝ አልነበረም።

ስጦታው ካልታሰበ ቦታ መጣ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ፈረንሳዊ የባቡር መሐንዲስ እጁን እንፋሎት ልጦት ነበርና ሁለት ወር ሙሉ ፋሻውን እየሄድኩ የቀየርኩለት እኔ ነኝ። ማዳም፣ ማለት ሚስቱ፣ ሆዷ የላም ወተት አልቀበል ስላላት አዴርን ያገናኘኋት እኔው ነኝ፤ እሱም በየጠዋቱ ከገጠር ሴቶች የፍየል ወተት እየተቀበለ ያደርስላት ነበር። አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ሁለታችንንም አስጠሩን። ቤቱ በሣጥንና በገመድ ተሞልቷል፤ ማዳም አንዱ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጥግ ላይ ክንድ የሚያህል የመስተዋት ሣጥን አለ። በውስጡ ውሃ፣ አሸዋ፣ ጥቂት የውሃ ሣር፣ አፏ የተሸረፈ የተደፋች ትንሽ ምንቸት፣ እና ሁለት ዓሦች። አንዱ ተለቅ ያለ፣ የጀርባ ክንፉ የተንዠረገገ፣ ጉንጩ ላይ ሰማያዊ ጭረት ያለበት ነው። ሌላው አነስ ያለ፣ አመድማ፣ ዓይን የማይገባ ነገር ነው።

ፈረንሳዊው ረጅም ንግግር አደረገ። የእኔ ፈረንሳይኛ «የት ያምሃል» እና «አይዞህ» ላይ ያበቃል። አልገባኝም ማለት ግን አዴር ፊት ከሐኪምነት መውረድ መሰለኝና «ዊ ሙሴ፣ ዊ ሙሴ»፣ አዎ ጌታዬ፣ እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። በመጨረሻ ትልቁን ዓሣ በጣቱ አሳየና የራሱን ደረት መታ መታ አደረገ። ትንሹን አሳየና ወደ ማዳም ጠቆመ። ከዚያ ምንቸቷን አመልክቶ፣ አትንኩ በሚል ጣቱን ወዘወዘ። የተሸረፈው አፏ እጅ እንዳይቆርጠን መሰለኝ።

«ምን አለ?» አለኝ አዴር።

«ትልቁ ከእኔ የተሰጠ ነው፣ ትንሹ ከማዳም የተሰጠ ነው ይላል» አልኩት፣ ሳላመነታ።

«እንግዲያ የባልየው ስጦታ ላንተ፤ እጁን ያዳንከው አንተ ነህ። የማዳም ስጦታ ለኔ፤ ወተት ያጠጣኋት እኔ ነኝ።» ፍርዱ ለሁለታችንም ትክክል መስሎ ታየን።

ግማሹን ውሃ ቀድተን ሣጥኑን በፈረስ ጋሪ ጫንነው። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ነበር። የጋሪው ጎማ አሸዋው ውስጥ በሰመጠ ቁጥር ውሃው ይናጣል፤ አዴር ሣጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ በሶማሊኛ አንድ ነገር እየደጋገመ ያባብላል። ለደነገጠች ግመል የሚባለውን ነው አለኝ በኋላ። መብራት ያለው የእኔ ቤት ስለነበር ሣጥኑ በረንዳዬ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ተቀመጠ።

በማግስቱ ሕጉን ነገረኝ። የእሱ እንስሳና የእኔ እንስሳ በአንድ በረት ቢውሉ የሚወለደው የእናቲቱ ባለቤት ነው። የወንዱ ባለቤት ምንም አይደርሰውም፤ ደግ ጎረቤት ከሆነ ይመሰገናል።

«ስለዚህ የትኛዋ እናት እንደሆነች እንወቅ» አለ። «ሐኪም፣ እስቲ እይ።»

አየሁ። ግን ምኑን ልይ? ሆድ፣ ጅራት፣ ዓይን፣ ሌላ ምንም የለም። ከሥራ ቦታ አጉሊ መነጽር ተውሼ መጣሁ፤ የሌለው ነገር ጎልቶ ታየኝ።

አዴር በከብት ገበያ ዓይኑ አየ። «ትልቁ ወንድ ነው። ክንፉን አየህ? አውራ ዶሮ ነው። የኔዋ ሴት ናት፤ ትንሽ፣ ጨዋ፣ ዝም ያለች። ወላሂ ሴት ናት።» ይህን ሲል ፊቱ በራ።

በዚህ ብንስማማ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ሐኪም ተብዬ ከደላላ ልማር ነው? የእኔ እናት ከአባቴ ትረዝማለች አልኩት። ጌጥ ደግሞ የሴት ነው፤ ጉንጯን ተኩላ ቀሚሷን የምትጎትተው የኔዋ ነች ሴት አልኩት። ካልኩት በኋላ ራሴም አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ከሰዓቱ ሁሉ ሣጥኑ ፊት አለቀ። አንድ ቀን ትልቁ ክንፉን ዘርግቶ ሲንቀጠቀጥ እናይና ወንድ ነው እንላለን። በማግስቱ ትንሹ ሆዱን አጠማዞ ሲሽኮረመም አይተን እሷ ናት ሴቷ እንላለን። በሦስተኛው ቀን ያው ተሽኮርማሚ ትልቁን ሲነክሰው እንደገና ሁሉም ይገለበጥብናል። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ወንዶች፣ አንዳንድ ቀን ሁለቱም ሴቶች የሆኑ ይመስለኝ ነበር።

የሚበሉት የወባ ትንኝ እጭ ነው። ጠዋት ጠዋት በየግቢው እየዞርኩ «የታቆረ ውሃ ድፉ» ብዬ የምቆጣ ሰው፣ ከቤቴ ጀርባ በአሮጌ በርሜል ውሃ አቁሬ ትንኝ አረባለሁ። ዓሦቹ ከገቡ ወዲህ ሥራዬም ከእኔው ጋር ተጣላ።

አንድ ከሰዓት አዴር ከሚወለዱት ላይ ለማን ለማን እንደሚሰጥ ሲያሰላ ሰማሁት። ለእህቱ ልጅ ሁለት፣ ከብቱ አብሮት ላለቀ ለአንድ አጎቱ ሁለት። እየሳቅኩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩት። ተረቱን ያውቀዋል። አልሳቀም። ጫቱን ጠቅልሎ ተነሳና በሯን ከኋላው ዘጋ። በማግስቱ መጣ፤ ስለሚወለድ ነገር ግን ዳግመኛ አላነሳም። አፌን ረግሜዋለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ፍየል ሊያመጣ ወደ ጀልዴሳ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ «ከብቴን አደራ» አለኝ። በአማርኛ፣ ቃሏን ጫን ብሎ።

በሄደ በሦስተኛው ቀን ትንሹ ዓሣ ቢጫ ሆነ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ አይደለም፤ እርድ ውስጥ የነከሩት ይመስል ነበር፤ ጎኑ ላይም ጥቁር ነጥብ ወጣበት። ምግብ ተወ። ምንቸቷ ውስጥ ተወሽቆ ይውላል፤ ትልቁ በአጠገቡ ካለፈ ተወርውሮ ይነክሰዋል። የትልቁ ጅራት ተተለተለ። ቢጫ የሆነ፣ ምግብ የዘጋው፣ ነጭናጫ በሽተኛ በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ። የወፍ በሽታ ነው አልኩ። ምንቸቷን አንስቼ ውስጧን ባየው ደግሞ ጣሪያዋ ላይ ቀይ ጤፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ተደርድረው ተጣብቀዋል። ከበሽተኛው የወጣ ነገር መሰለኝ። የተማርኩት ትምህርት ግልጽ ነው፤ በሽተኛውን ለይ፣ ዕቃውን አጽዳ።

ትንሹን በማርማላታ ጠርሙስ ለየሁት። ምንቸቷን ፐርማንጋኔት በበጠበጥኩበት ሐምራዊ ውሃ፣ በብሩሽ፣ ጥፍሬ እስኪጠቁር ፈትጌ አጠብኳትና ወደ ቦታዋ መለስኳት። እየፈተግኩ ሌላም ነገር አሰብኩ። እንዲህ የሚናከስ ዓሣ ወንድ ካልሆነ ማን ወንድ ይሆናል? እንግዲያ እናቲቱ የኔዋ ናት ማለት ነው። ደስ አለኝ። በሽተኛ እያገለልኩ፣ አደራ እየጠበቅኩ ነው ብዬ እያሰብኩ፣ በዚያው መካከል ደስ አለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ አዴር የመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ በበሯ ገባ። ቢጫው በጠርሙስ፣ ትልቁ በሣጥን ሆነው አገኛቸው። ስለ በሽታው አስረዳሁት። ጠርሙሱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። ቢጫው ዓሣ ወደ ሣጥኑ በሚያየው በኩል አፉን መስተዋቱ ላይ አስጠግቶ ይወጣል ይወርዳል። አዴር ጠርሙሱን በቀስታ አዞረው። ዓሣውም ዞሮ ያንኑ አቅጣጫ ያዘ። እንደገና አዞረው። እንደገና ዞረ።

«ዋርያ ሐኪም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግመል ልጇን ሲነጥቋት እንዲህ ናት። አፍንጫዋን አስረህ ብትጎትታት እንኳ ልጇ ወዳለበት ነው የምታየው። ይቺ የት ነበረች?»

«ምንቸቷ ውስጥ።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

ስለ ቀዮቹ ነጠብጣቦች ነገርኩት። እየነገርኩት ድምፄ እያነሰ ሄደ።

«አጠብከው?»

«አጠብኩት።»

«በመድኃኒት?»

«በመድኃኒት።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም ቀለሟን፣ ቁመቷን ሳይ ነበር የከረምኩት» አለ። «ወዴት እንደምታይ ማየት ነበረብኝ።» ጠርሙሱን አንስቶ በገዛ እጁ ወደ ሣጥኑ መለሳት። ትንሿ በቀጥታ ምንቸቷ ውስጥ ገባች። ወጣች። ዙሪያዋን ዞረች። እንደገና ገባች። አራተኛ ጊዜ ስትገባ አዴር ማየት አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ በበሯ ሄደ። መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ያ አላዋቂ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ከሰዓቱ አልገፋ አለኝ። ሻሂ አፈላለሁ፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ እቀዳለሁ፣ ሣጥኑ ፊት ተቀምጬ በሯን አያለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሲያስል እሰማዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እነሳና ስለ ምኑ እንደምጀምር ሳላውቅ እቀመጣለሁ።

አንድ ጠዋት አማርኛ የማይችል አንድ ሽማግሌ ሊታከም መጣ። የት ያምዎታል ስለው ደረቱን መታ መታ አደረገ። ፋሻ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። የፈረንሳዊው እጅ ትዝ አለኝ። ትልቁን አሳየና ደረቱን መታ፤ ትንሿን አሳየና ወደ ሚስቱ ጠቆመ። ስጦታ ሲያከፋፍል አልነበረም። ይኸኛው እንደ እኔ ነው፣ ይቺኛዋ እንደ እሷ ናት ነበር የሚለው። ምንቸቷን አትንኩ ያለውም የሚወለዱባት ቤት ስለሆነች ነው። ወራት ሙሉ የተከራከርንበት ነገር በመጀመሪያው ቀን ተነግሮኝ ነበር። አዴርም በመጀመሪያው ቀን ልክ ነበር። በመካከል ቆሜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ «ዊ ሙሴ» ብዬ።

ከዚያ ወዲያ ነው ግራ መጋባቴ የባሰው። የወፍ በሽታ ነው ስል በእውነት አምኜ ነበር ወይስ እንዲሆን ፈልጌ ነበር? ያቺን ምንቸት ስፈትግ ምንም አልጠረጠርኩም ወይ? ጠርጥሬ ነበር ብል ራሴን እበድላለሁ፤ አልጠረጠርኩም ብል አዴርን።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ትንሿ እንደገና እንደ እርድ ቢጫ ሆነች፤ እንደገና ምንቸቷ ውስጥ ገባች። በዚህ ጊዜ ወደ ሣጥኑ እጄን የሰደድኩት አንዴ ብቻ ነው። የኔን ትልቁን፣ ክንፉ የተንዠረገገውን፣ እንዳይረብሻት አውጥቼ ማርማላታው ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጠበቅኩ። ከአሥር ቀን በላይ ይሆናል። አንድ ከሰዓት ሻሂዬን ይዤ ብቀመጥ ከምንቸቷ ወጣች፤ ከፊቷ ደግሞ አቧራ የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ አየሁ። አቧራው ዓይን ነበረው።

ወደ በሯ ሄድኩ። ያቺን በር አንድም ቀን እኔ አንኳኩቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚመጣው እሱ ነው። አንኳኳሁ።

«አዴር» አልኩ። «አዴር፣ መንጋህ ወልዷል።»

መወርወሪያው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ተሳበ።

መጥቶ ሣጥኑ ፊት ቁጢጥ አለ። ትንሿ ከኋላ ሆና ትነዳቸዋለች፤ አንዱ ከወጣ ዞራ ትመልሰዋለች። አዴር ወደ ፊት ሲያዘነብል ሰውነቷን ነቅነቅ አደረገችና ሁሉም በአንድ ጊዜ አሸዋው ላይ ተኙ። እሱም በጥርሶቹ መካከል ቀስ ብሎ አፏጨ፤ እረኞች ከብት ሲያሰማሩ የሚያፏጩትን። ከጎኔ ያለው የማውቀው ደላላ አልመሰለኝም። ትከሻው እንኳ ሰፋ ያለ መሰለኝ።

«እንገር ቢኖራት» አለኝ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «የመጀመሪያዋ ኩባያ ላንተ ነበረች። ጎረቤት ነህ።»

አፈርኩ። አሁን ልንገረው አልኩ፤ ስለ ፈረንሳዊው ደረት፣ ስለ ማዳም፣ ምንም ሳይገባኝ ራሴን ስለ መነቅነቄ፣ ስፈትግ ስለተሰማኝ ደስታም ጭምር። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና አፌ እስኪፈታ ብዬ በጣቴ መስተዋቱን እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አዴር ድንገት እጁን አፌ ላይ ጫነ።

«መንጋ አይቆጠርም፣ ሐኪም» አለ። «ዓይን ይገባዋል።»

እጁ ፍየል ፍየል ይሸታል። ቆይቶ ሲያነሳው እኔን አላየኝም፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር፣ የሚያየውም እነሱን ነው። አፌ ላይ የደረሰውን ሁሉ ከቁጥሩ ጋር ዋጥኩት። ስንት እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።